ሁለት ዱፓታ ተሰጠኝ፣ እንዴት ልልበሰው? የጥያቄዬ ክርና 36 መልሶቹ

ይህን የመድረኩን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት። አሁን መልሱ 36 ደርሷል፤ አዲስ የሚገቡ ሰዎችም ከመሃል ያነቡና ያንኑ ጥያቄ ደግመው ያነሣሉ። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላስቀምጥ ብዬ ተነሣሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ የገባኝን ነው የምጽፈው።

መነሻው ይህ ነው። የምኖረው ሻርጃ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከሕንድ ጉጃራት፣ ከቡጅ ከተማ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ሁላችንም ቤን ነበር የምንላቸው፤ በቋንቋቸው እኅት ማለት ነው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ ሁለት ዱፓታ ሰጡኝ፤ የደቡብ እስያ ሴቶች ትከሻቸው ወይም ራሳቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ረጅም ጨርቅ ነው። አንደኛው ቀይ ባንዳኒ ነው፤ በክር እየተቋጠረ ቀለም የሚነከር ጨርቅ፣ ገና ቋጠሮው ያልተፈታ። ሁለተኛው ስስ ኦርጋንዛ ነው፤ ዳርና ዳሩ ዘሪ በሚሉት ወርቃማ ክር ተሠርቷል። ኦርጋንዛውን ለአንድ ሰርግ በጥቁር ቀሚስ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ምሽቱን ሙሉ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ፣ በአንድ እጄ እሱን በሌላው ሳህን ይዤ ቆሜ አመሸሁ። ቤት እንደገባሁ ጥያቄዬን ለጠፍኩ፤ ሻልዋር ካሚዝ የሚሉት ሰፊ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ የሌላት ሰው ዱፓታን እንዴት ትልበሰው? ኦርጋንዛውንስ አስቆርጬ ላይኛ ልብስ ባሰፋው? መጨረሻ ላይ ደግሞ ዱፓታ ከሻልዋር ካሚዝ ከተለየ ያው ስካርፍ ነው የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ክሩን ያሞቀችው እሷ ናት።

መልስ 1 ባሕሬን ከምትኖር እኅት መጣ። በስጦታዬ ደስ ብሏት፣ ከሁሉ በፊት ሜትር አውጥቼ እንድለካው መከረችኝ። ሙሉ ዱፓታ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያነሰው ለአንገት ይሆናል እንጂ ትከሻ ላይ አይረጋም። ስካርፍ ይጠመጠማል፣ ዱፓታ ግን ይጣፋል፤ ይህን ልዩነት ያስያዘችኝ እሷ ናት። ኦርጋንዛውን ስለካው ልክ እንዳለችው ሆነ። ባንዳኒው ግን ቋጠሮው ስላጨማተረው የእጅ መሐረብ ያህል ነበር።

መልስ 2 ረጅም ነው። የጻፈው ፓንጃብ ውስጥ ፓቲያላ በምትባል ከተማ ሦስተኛ ዲግሪውን የሠራ ወንድም ሲሆን፣ ያችን ዓረፍተ ነገሬን በጨዋ ቃል አረማት። ዱፓታ የሚለው ስም ሁለትና ሰቅ ከሚሉ ቃላት የመጣ ነው። ፓንጃቦች ቹኒ፣ ራጃስታኖች ኦድኒ፣ ባንግላዴሾች ኦርና ይሉታል። እሱ በተማረበት ግቢ ልጃገረዶቹ በጂንስና በአጭር ካሚዝ ላይ ጣል ያደርጉት ነበር፤ ስለዚህ ከሙሉ ልብሱ ሲለይ ስሙን ያጣል ማለት ስሕተት ነው። ከዚያ ስለ ፉልካሪ ጻፈ፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ምርጡ ክፍል ይህ ነው። ፉልካሪ የአበባ ሥራ ማለት ነው። ጠላፊዋ ካዳር በሚባለው ሻካራ የጥጥ ጨርቅ ላይ ከጀርባው በኩል ድርና ማጉን እየቆጠረች፣ ባልከረረ የሐር ክር ትጠልፋለች። አበባው የሚወጣው እሷ በማታየው ፊት ነው። መሬቱ እስኪጠፋ ድረስ ከተሞላ ባግ ይባላል፤ አትክልት ቦታ እንደማለት ነው። አያቶች ለልጅ ልጃቸው ሰርግ ከዓመታት በፊት ይጀምሩት ነበር። እንዲህ ያለውን ጨርቅ አንገት ላይ መጠምጠም ሥራውን መቅበር ስለሆነ፣ ሳይታጠፍ ባንድ ትከሻ ተለቆ፣ ከሥሩ ምንም ጌጥ የሌለው ነጭ ወይም ጥቁር ልብስ እንዲሆን መከረ።

መልስ 3 ምስጋና ብቻ ነው።

መልስ 4 የሳህኑን ምሽት ችግሬን ፈታልኝ። የጻፈችው ለንደን፣ ሳውዝሆል የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኞቿ በብዛት ፓንጃቦች ናቸው። አሠራሩን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ይህን ይውሰድ። ዱፓታውን አልጋ ላይ ዘርጋው። አንዱን ጫፍ በስፋቱ በኩል እንደ ወረቀት ማራገቢያ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ፣ በአራት ጣት ስፋት አጣጥፈው። ስድስት ሰባት እጥፍ ይወጣዋል። የተጣጠፈውን በልብስ መቆንጠጫ ያዝና ትከሻህ ላይ አስቀምጠው፤ ፊት ለፊት የሚወርደው ጫፍ ጉልበት ይድረስ። መርፌ ቁልፉን ጨርቁ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት አንዲት ትንሽ ዶቃ ሰካበትና እስከ ጥምዝምዙ ድረስ ግፋት። ስስ ጨርቅ የሚቀደደው መርፌው ሲወጋው ሳይሆን ጥምዝምዙ ውስጥ ገብቶ ሲያዝ ነው፤ ዶቃዋ ያንን ታግዳለች። መርፌ ቁልፉ ከቀሚሱ ውስጥ በኩል ወጥቶ፣ እጥፎቹን ከሥር ይዞ ይመለስ፤ ከውጭ ምንም እንዳይታይ። ኦርጋንዛ ደረቅ ስለሆነ እጥፉን ይጠብቃል። ሽፎንና ጆርጄት የሚባሉት ስስ ጨርቆች ግን ስለሚያንሸራትቱ ወገብ ላይ ሌላ መርፌ ቁልፍ ይፈልጋሉ።

በመልስ 5 እኔ አመስግኜ የመቁረጡን ጉዳይ ደግሜ ጠየቅሁ። የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው። መልስ 6 ስድብ የቀረው ቁጣ ነበር፤ ስጦታን በመቀስ የሚነካ ሰው ስጦታ ሊሰጠው እንደማይገባ የሚናገር። ሰውየው ቃሉ ቢሻክርም ልቤ ውስጥ ገብቷል፤ አልቀየምኩትም። መልስ 7 ተቃወመችው። ቡር ዱባይ፣ ሚና ባዛር ውስጥ ሕንዳውያን ራሳቸው ያረጀ ዱፓታ ይዘው መጥተው ለልጆቻቸው ካሚዝ ሲያሰፉበት አይታለች። ቤንጋል ውስጥ ካንታ የሚባለው ተደራራቢ አልባስም የሚሠራው ከአሮጌ ሳሪ ነው፤ ጨርቁን እየደራረቡ በቀጭን ስፌት ይሰፉታል። መልስ 8 ሁለቱን አስታረቀ፤ በዚያ አገር የሚቆረጠው ያለቀ ጨርቅ ነው፣ የኔው ግን ገና አልተለበሰም። በዚህ ተስማማሁ።

መልስ 9 ባንዳኒውን በጋለ ካውያ እንዳልነካው አጥብቃ ያስጠነቀቀችኝ፣ አሕመዳባድ ትኖር የነበረች ሴት ናት። ባንዳኒ የሚሠራው ነጩን ጨርቅ በጣት ጥፍር ቆንጥሮ እያነሡ፣ እያንዳንዷን ቁንጥጫ በክር አጥብቆ በማሰር ነው። ሥራውን በብዛት ሴቶች ቤታቸው ተቀምጠው ይሠሩታል። አንድ ዱፓታ ላይ ቋጠሮው በሺህ ይቆጠራል። ከቀላሉ ቀለም ወደ ጠቆረው እየሄዱ ይነክሩታል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ እንደገና ታስሮ ቀይ። የታሰረው ቦታ ቀለም ስለማይገባው ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቋጠሮው ሳይፈታ የሚሸጠው በእጅ የታሰረ ለመሆኑ ምስክር እንዲሆን ነው፤ በማሽን የታተመው አስመሳይ ልሙጥ ነው። ሲፈታም የሚቀረው ሽብሽብ በካውያ መጥፋት የለበትም።

መልስ 10 የእኔ ነው፤ የዚያኑ ማታ ፈታሁት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አንዱን ጫፍ ይዛ እኔ ሌላውን፣ በአግድም ሳብ አደረግነው። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ እያለ ክሩ መፈናጠር ጀመረ፤ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ ያለውን ድምፅ ይመስላል። የእጅ መሐረብ ያህል የነበረው ጨርቅ እያየነው በመካከላችን ተዘረጋ፤ ወደ በሩ ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። ቀዩ መሬት ላይ ቢጫና ነጭ ነጥቦች በረድፍ በረድፍ ወጡ፤ ምንጣፉ በክር ቁርጥራጭ ተሸፈነ። ነጥቦቹ አንዳቸውም ከሌላው ጋር እኩል አይደሉም፤ በእያንዳንዱ መካከል ጥፍሩ የያዘበት ሹል ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ያን ቀን ስካርፍ ነው ማለቴ አሳፈረኝ፤ መልሴ ላይም ይህንኑ ጻፍኩ።

መልስ 11 ቡጅን ስላነሣሁ ስለ አካባቢው ጨመረ። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2001 ቡጅ ያለችበትን የኩች አውራጃ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የአጅራክ ቀለም አታሚዎችንም አፈናቅሏል። አጅራክ ማለት በተቀረጸ እንጨት፣ በኢንዲጎ ሰማያዊና በእንሶስላ በመሰለ ሥር ቀይ የሚታተመው ጨርቅ ነው። በቀድሞ መንደራቸው ውኃው ውስጥ ያለው ብረት ጨምሮ ቀለሙን አበላሸባቸው። ብዙዎቹ ከቡጅ አቅራቢያ አጅራክፑር የሚባል አዲስ መንደር መሠረቱ። የአጅራክ ዱፓታ በጥጥ ስለሚሠራ ለዕለት ልብስ፣ ለጂንስና ለነጭ ሸሚዝ ከሁሉ የሚስማማው እሱ ነው። መልስ 12 የት እንደሚሸጥ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም።

ከ13 እስከ 18 ያሉት ስለታም ናቸው። የጀመረችው ስቶክሆልም የምትኖር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ቲክቶክ ላይ ረጅም ስስ ጨርቅ በአንገት በኩል ወደ ኋላ መልቀቅ የአውሮፓ፣ እንዲያውም የስካንዲኔቪያ ፋሽን ተብሎ ሲዞር የደቡብ እስያ ሴቶች ተቆጥተው ነበር። የእናቶቻቸውን ዱፓታ ሌላ ስም ሰጥተው ሲመልሱላቸው አይተዋልና። ልጅቷ ሰፈሯ ውስጥ በልጅነታቸው ዱፓታ ለብሰው በመውጣታቸው የተሳቀባቸው ጓደኞች ስላሏት፣ ጉዳዩ ለእሷ የፋሽን ወሬ አይደለም። መልስ 14 ዞሮ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም ያንኑ እያደረግሁ እንደሆነ፣ ነጠላዬን ሣጥን ውስጥ ትቼ የሰው ልብስ እንደማሳድድ ነገረኝ። መልስ 15 ስለ እኔ ተከራከረች። ባለቤቱ በእጁ የሰጠውን፣ በስሙ እየጠሩና ከየት እንደመጣ እየተናገሩ መልበስ ስም ፍቆ ከመሸጥ ጋር አንድ አይደለም። መልስ 16 የነጠላ አሠራራችንን ዲዛይነር ነን ባዮች ያለ ስም ሲያሳዩት ምን እንደሚሰማን ጠየቀ። መልስ 17 ሰውን አንተ ታናሽ ነህ ወደሚል ወረደና አወያዩ ሰረዘው። በመልስ 18 እኔ ስለ ነጠላው መለስኩ፤ ነጠላዬ ሣጥን ውስጥ አይደለም፣ በየእሑዱ እለብሰዋለሁ። መልስ 15 ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ። የ14ም ቁጣ ከንቱ አልነበረም፤ ስሙን ከሥሩ ነቅዬ ስካርፍ ያልኩት እኔው ነኝና።

መልስ 19 ነጠላና ዱፓታን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ አንዲት እናት ናቸው የጻፉት። ነጠላ ጥለቱ ወዴት እንደዋለ አይቶ ሰው ለሐዘን ይሂድ ለደስታ እንደሚታወቅ፣ ዱፓታም አጣጣሉ ይናገራል። በጉርድዋራ፣ በሲኮች የጸሎት ቤት፣ ራስ ይሸፈንበታል። ለትልቅ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ከትከሻ ወደ ራስ ይሳባል። ሥራ ሲኖር ደግሞ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ዳሌ ተስቦ ይታሰራል፤ ካታክ የሚባለው የሰሜን ሕንድ ውዝዋዜ ተወዛዋዦች የሚያስሩት እንዲህ ነው። እኛ ማደግደግ የምንለው መሆኑን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁና መስታወት ፊት ሞከርኩት። ጥብቅ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ ላይ ባንዳኒውን በዚህ መንገድ ሳስረው ሁለቱም እጆቼ ነፃ ሆኑ። ከተሰጡኝ አለባበሶች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

መልስ 20 ላይ አንድ አባት በተማሪነታቸው ዘመን ያስተማሯቸውን የሕንድ መምህርት ዱፓታ አስታወሱ። መልስ 21 እነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ስለነበሩ የለበሱት ሳሪ እንደሆነ አስታወሳቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ። ከዚያ 22 እና 23 የሒሳብ መምህሮቻቸውን እያነሡ ከርእሱ ወጡ። ደስ የሚል ንባብ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም።

መልስ 24 የክሩን ክብደት የቀየረው ነው። በርሚንግሃም የምትኖር፣ ፓኪስታናዊ ያገባች ሴት ናት። ሁላችንም ስለ መርፌ ቁልፍ ስናወራ አንድ ነገር እንደዘለልን ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ዘመን፣ በፓኪስታን ቴሌቪዥን የሚቀርቡ ሴቶች ራሳቸውን በዱፓታ እንዲሸፍኑ ታዘዘ። ማህታብ ቻና የተባለችው አቅራቢ እምቢ ብላ ከቴሌቪዥኑ ወጣች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ቤናዚር ቡቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን ነጭ ዱፓታዋ መለያዋ ነበር። አንዷ አልሸፈንም ብላ፣ ሌላዋ ሸፍና አገር መርታ፤ ይህን ሁሉ የተሸከመ ጨርቅ ነው። መልስ 25 ማላላ ዩሳፍዛይም እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት ስትናገር የቤናዚርን ዱፓታ ለብሳ ነበር ሲል፣ 26 ሻል እንጂ ዱፓታ እንዳልነበር አረመው።

ያችው ሴት በመልስ 27 የላሆርን ባዛር ነገረችን። ካሚዝ የሚሆነው ቁራጭ ጨርቅና ያልተቀለመ ነጭ ዱፓታ ለየብቻ ይገዛል። ሁለቱን ይዘሽ መንገድ ዳር ወዳለው ቀለም ነካሪ ትሄጃለሽ። የፈላ ውኃ በርሜል ላይ ቆሞ ከየጣሳው ዱቄት በማንኪያ እየቆነጠረ፣ በዓይኑ ብቻ የካሚዙን ቀለም ያመጣዋል፤ ጫፉን ነክሮ ያስተያያል፣ ይጨምራል፣ እንደገና ይነክራል። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው እያራገቡ ያደርቁታል። የቀለሙ መግጠም ምስጢር ይህ ነው፤ እኛ ከሱቅ ተመሳሳይ ቀለም ስንፈልግ እንደክማለን።

መልስ 28ን ማንም አይዝለለው። የጻፈችው አዲስ አበባ ያለች ነርስ ናት። ባንግላዴሽና ሕንድ ውስጥ በባትሪና በሞተር ሪክሾ የሚሄዱ ልጃገረዶች የዱፓታቸው ጫፍ መንኰራኩር ወይም ዘንግ ውስጥ እየገባ፣ አንገታቸው ተጎትቶ አከርካሪያቸው ይጎዳል፤ የሞቱም አሉ። በሐኪሞች ጽሑፍ ውስጥ በደንብ የታወቀ ጉዳት ነው። እኛም ባጃጅ እንሳፈራለን፣ ሞተር ላይ እንቀመጣለን። ከመሳፈር በፊት ሁለቱንም ጫፎች ሰብስቦ ጭን ላይ መያዝ ወይም ወገብ ላይ ማሰር ነው፤ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ወደ ኋላ የተለቀቀው አለባበስ ለመንገድ አይሆንም። ሕፃን ያዘለች ሴትም ይህን ታስብ። መልስ 29 የነጠላ ጫፉ በሞተር ጎማ ተይዞ የተጎተተ ዘመዱን ነገረን፤ ሰውየው ተርፏል።

መልስ 30 ነጭ ዱፓታ የሐዘን ስለሆነ ለሰርግ እንዳይለበስ ከለከለ። 31 ኃይለኛ መልስ ሰጠችው። በብዙ የሂንዱ ማኅበረሰብ ነጭ ከሐዘን ጋር መያያዙ እውነት ነው፤ በሕንድ ላክናው ከተማ የሚሠራው ቺካን ግን ነጭ በነጭ ክር የተጠለፈ የበጋ ልብስ ነው፣ የሚለብሰውም ለሐዘን አይደለም። ሙሽራዋ በብዙ ቦታ ቀይ ስለምትለብስ እንግዳ ሙሉ ቀይ ለብሶ ባይሄድ ይሻላል የሚለውን ግን አብራው ተቀበለች። መልስ 32 ስለ ሕንዳዊቷ የፊልም ተዋናይ ዲፒካ ፓዱኮኔ የእ.ኤ.አ. 2018 ሰርግ ነው፤ ዳሩ ላይ በሳንስክሪት ምርቃት የተጠለፈበት ቀይ ዱፓታ። ምርቃት በጥለት ላይ መጻፍ ለእኛም ሸማኔዎች የሚሆን ሐሳብ ነው። መልስ 33 በባንግላዴሽ ዳካ አካባቢ የሚሸመነው ጃምዳኒ የተባለ ስስ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱን አስታወሰ።

መልስ 34 ስለ አቀማመጥ ነው። ዘሪ ያለበትን ጨርቅ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ሽቶ አለመርጨት፣ በየጥቂት ወሩም አውጥቶ በሌላ መሥመር ማጠፍ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከታጠፈ ዘሪው እዚያው ይሰበራል። ባንዳኒ መጀመሪያ ሲታጠብ ቀለም ስለሚለቅ ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውኃ። መልስ 35 የጋቢ ሽያጭ ማስታወቂያ ነበር፤ ተሰርዟል።

ባለፈው ሳምንት ባንዳኒውን እንደ ካታኮቹ አስሬ ፎቶ ለቤን ላክሁላቸው። በስልክ ደውለው ሳቁ፤ ከዚያ ፎቶውን አጉልተው አይተው፣ ከታች ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ቋጠሮ ሳትፈታ እንደቀረች ነገሩኝ። ሄጄ ሳይ እውነትም አለች፤ ሰሊጥ የምታህል። በጥፍሬ ልፈታት ስሞክር ጨርቁ እንዳይቀደድ ፈራሁና ተውኳት።

መልስ 36 የፓቲያላው ወንድም ነው፤ ኦርጋንዛው እስካሁን ከመቀስ መትረፉን ጠየቀኝ። ተርፏል። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄዋለሁ፣ ግን ለመቁረጥ አይደለም፤ ዳሩ ላይ የተበተነውን ክር እንድትቀመቅምልኝ ነው። ሐሙስ ይደርሳል።